ከቆሻሻው ተራራ ግርጌ ማን ይተኛል? የቆሼ ናዳ እንደ ጉዳይ ጥናት

ለምን ቆሼ?

የአንድ ከተማ አስተዳደር የአደጋ ስጋት ቅነሳ ሥራ ውጤት አምጥቷል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የተሠራው ነገር ዝርዝር ነው። ይህን ያህል ሜትር ግንብ ተሠራ፣ ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ከበጀቱ ይህን ያህል መቶኛ ሥራ ላይ ዋለ። ዝርዝሩ እውነት ሊሆን ይችላል። አደጋው ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ሳይነቃነቅ እዚያው ሊቀመጥ ይችላል።

ይህን ለማሳየት ከአዲስ አበባው ቆሼ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከግርጌው የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። መንግሥት የገለጸው የሟቾች ቁጥር 113 ነበር። ከተማው ችግሩን አያውቀውም ነበር እንዳይባል ያውቀው ነበር። እቅድ ወጥቷል፣ ብድርና እርዳታ ተገኝቷል፣ አዲስ ቦታ ተሠርቷል፣ ፋብሪካ እየተገነባ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ነው ሰው የሞተው። ምንም ያልተሠራበት ቦታ ላይ አደጋ ሲደርስ ግምገማው ቀላል ነው። ብዙ በተሠራበት ቦታ ላይ ሲደርስ ነው ቁጭ ብሎ ማሰብ የሚያስፈልገው።

የማንንም ስም አልጠራም። ሹመኛው በየጊዜው ይቀያየራል፤ እዚህ የምናየው ክፍተትም የአንድ ሰው አልነበረም።

ቦታው እና ሰዎቹ

ቆሼ፣ በሌላ ስሙ ረጲ፣ በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ እና በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተሞች አካባቢ ይገኛል። ስፋቱ 36 ሄክታር ገደማ ነው። ናዳው በደረሰበት ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ተደፍቶበታል። ሲከፈት ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው አድጎ አድጎ አልፎት ሄደ። ቀለበት መንገዱ በአጠገቡ አለፈ፣ መኖሪያ ሰፈሮች ከበቡት።

የተሠራው ደግሞ በአሮጌው መንገድ ነው። መኪና ይመጣል፣ ይደፋል፣ ዶዘር ይገፋዋል። ከሥሩ ፈሳሽ እንዳያሰርግ የሚያደርግ ንጣፍ የለውም። ከቆሻሻው የሚጨመቀው ጥቁር ፈሳሽ የሚወጣበት ቦይ፣ ጋዙ የሚተነፍስበት ቧንቧ አልተዘጋጀለትም። በዘመናዊ ማስወገጃ በየቀኑ አፈር ይለብሳል፤ እዚህ ግን ቆሻሻው በቆሻሻ ላይ ሲከመር ኖረ።

በዚህ ላይ ሰው አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ልቃሚዎች ኑሯቸው ከዚህ ተራራ ነው። ሀይላንዱ፣ ብረቱ፣ ሽቦው፣ ጫማው ይለቀማል። ከዚያ በነጋዴ በኩል አልፎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ይሄዳል። መኪናው ሲደፋ ቀድሞ የደረሰ የተሻለውን ያገኛል። ስለዚህ ቅርብ መኖር ለልቃሚው የሥራ ጉዳይ ነው። ለሌላው ደግሞ ርካሽ ኪራይ ነው። ከቆሻሻ ጋር ምንም ሥራ የሌላቸው ቀን ሠራተኞች፣ ከገጠር የመጡ ቤተሰቦች፣ በጭቃና በላስቲክ ቤቶች ውስጥ ከግርጌው ይኖሩ ነበር። ለዓመታት የኖሩ አሉ። እዚያው የተወለዱ ልጆች አሉ።

የመንግሥት ቋንቋ ብዙ ጊዜ እነዚህን ሰዎች «ሕገወጥ ሰፋሪ» ብሎ ያልፋቸዋል። ለመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ይህ መለያ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል። ለአደጋ ስጋት ሥራ ግን ጎጂ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም አንዴ ሕገወጥ የተባለ ሰው ከእቅዱም ከቆጠራውም ለመውጣት ቅርብ ነው።

ስጋቱ ከምን መጣ?

የቆሻሻ ክምር እንደ አፈር ዳገት ይናዳል። የሚያንደረድረው ነገርም ተመሳሳይ ነው። ራስጌው ሲከብድ፣ ግርጌው ሲቆረጥ፣ ውስጡ ሲረጥብ ይሄዳል። ቆሻሻ ላይ ግን ሁለት ተጨማሪ ነገር አለ። አንደኛ፣ ውስጡ እየበሰበሰ ስለሆነ ዛሬ የነበረው ጥንካሬ ነገ የለም። ሁለተኛ፣ ጋዝ ያመነጫል። ሚቴን የሚባለው ይህ ጋዝ ውስጥ ለውስጥ ሲጨናነቅ ክምሩን ያላላዋል፣ እሳትም ያስነሳል።

ዓለም ይህን ያወቀው ከቆሼ በፊት ነው። በፊሊፒንስ ዋና ከተማ አካባቢ የፓያታስ ክምር እ.አ.አ. በሐምሌ 2000 ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በኢንዶኔዥያ ባንዱንግ አጠገብ የሌዊጋጃ ክምር እ.አ.አ. የካቲት 21 ቀን 2005 ተናደ፤ ከ140 በላይ ሰው ሞተ። ኢንዶኔዥያ ያን ቀን በየዓመቱ የቆሻሻ ቀን አድርጋ ታስበዋለች። ሁለቱም ቦታ ታሪኩ አንድ ነው፤ ገደላማ ክምር፣ ከግርጌው ድሃ ሰፈር። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. የቆሼን ጎን አይቶ «ይህ ሊናድ ይችላል» ለማለት አዲስ ምርምር አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በፊት ትንንሽ ናዳዎች እንደነበሩ ነዋሪዎች በወቅቱ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

ሕጉም ነበር። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከአዋጁ በፊት የነበሩ ማስወገጃ ቦታዎች የአካባቢ ኦዲት እንዲደረግላቸው ያዛል። የማስወገጃው ባለቤት ቦታው ሥራ ላይ እያለም ከተዘጋ በኋላም በጤና፣ በንብረትና በአካባቢ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ናዳው ሲደርስ አዋጁ አሥር ዓመቱ ነበር። አገር አቀፍ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲም በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዋና ሐሳቡ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ስጋቱን ቀድሞ መቀነስ ነው።

ከተማው ያቀደው

እቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነበር። ቆሼ ይዘጋል። ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ ይሄዳል። ቆሼ አጠገብ ደግሞ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ይቆማል። የድሮው ክምር ቀስ በቀስ ይስተካከላል፣ አረንጓዴ ይለብሳል።

ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦታው ግን በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ማስወገጃው በፈረንሳይ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ ተሠራ። ስፋቱ ከ130 ሄክታር በላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሥራ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ኦሮሚያ ውስጥ የአዲስ አበባና አካባቢዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ትልቅ ተቃውሞ አስነስቶ ነበር። ማስተር ፕላኑ የተሰረዘው ጥር 2008 ላይ ነው። ማለትም የከተማው መኪኖች ቆሻሻ ጭነው ወደ ገበሬው መሬት መሄድ የጀመሩት፣ ገበሬው «ከተማው መሬቴን ሊወስድ ነው» ብሎ አደባባይ በወጣበት ወቅት ነው። ከዚህ የባሰ ጊዜ መምረጥ ይከብዳል።

የሰንዳፋ አካባቢ ገበሬዎች ሽታውን፣ የውኃ ብክለቱን፣ የከብቶቻቸውን መታመምና መሞት አነሱ። መኪኖቹን አስቆሙ። በ2008 ክረምት ላይ ማስወገጃው ሥራ አቆመ። አዲስ አበባ ውስጥ ቆሻሻ በየሰፈሩ ተቆልሎ የሰነበተበት ክረምት እሱ ነው። በዝናብ፣ በዝንብ፣ በሽታ የተማረረ ከተሜ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ ቆሻሻው ይነሳልን። ተነሳ። ወደ ቆሼ ተመለሰ።

እኔ ጉዳዩን ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ስነጋገር ረዥሙን ሰዓት የምንፈጀው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ወደ ቆሼ የመመለስ ውሳኔ በዚያ ክረምት ለመረዳት አይከብድም። ሌላ ቦታ አልነበረም። ኮሌራ መሰል ወረርሽኝም የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን ለወራት ጭነት የቆመበት፣ ሲበሰብስ የቆየ ክምር ላይ እንደገና የከተማውን ቆሻሻ መድፋት ራሱን የቻለ አዲስ ውሳኔ ነው። አዲስ የስጋት ግምገማ ይፈልጋል። የት ጎን ላይ ይደፋ? ከግርጌው ያለው ሰው መጀመሪያ ይነሳ ወይ? እነዚህ ከመኪናው በፊት መድረስ የነበረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። በተግባር ግን መመለሱ እንደ አዲስ ውሳኔ ሳይሆን ወደ ነበረበት እንደመግባት ተቆጠረ።

መጋቢት 2

ናዳው የደረሰው ምሽት ላይ ነው፤ ሰው ከሥራ ገብቶ ቤቱ ባለበት ሰዓት። ሴቶችና ሕፃናት ይበዙ ነበር። መንግሥት ከገለጻቸው 113 ሟቾች 75ቱ ሴቶች ነበሩ።

አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። መጋቢት ነው፤ ክረምት አይደለም። ናዳ ሲባል ሁላችንም ሐምሌና ነሐሴ ነው የምናስበው። በፓያታስም ሆነ በሌሎች ቦታዎች ዝናብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቆሼ ግን «ከክረምት በፊት እንጠንቀቅ» በሚል የጥንቃቄ ሰሌዳ የሚያዝ አልነበረም። የክምሩ ክብደት፣ የግርጌው መቆፈር፣ የውስጡ ፈሳሽና ጋዝ ወቅት አይጠብቅም።

የነፍስ አድን ሥራው በሰፈሩ ሰው እጅና አካፋ ተጀመረ። ኤክስካቫተሮች ገቡ። የተቀበረው ሰው ብዛት ግን አልታወቀም። በመጀመሪያው ቀን ከ50 በታች የነበረው የሟቾች ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ሄዶ ነው 113 የደረሰው። ነዋሪዎች ከዚህም ይበልጣል ሲሉ ቆይተዋል። ክርክሩ የተነሳበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ምሽት ስንት ሰው እዚያ እንደሚያድር የሚናገር፣ ሁሉም የሚስማማበት መዝገብ አልነበረም። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ዘመድ ዘመዱን እየጠራ ነው ቆጠራው የተሠራው።

የምክንያቱ ክርክርም ወዲያው ተነሳ። ከባለሥልጣናት ወገን ልቃሚዎች ግርጌውን በመቆፈራቸው ነው የሚል ተሰማ። ነዋሪዎች በበኩላቸው ቆሻሻ መደፋቱ እንደገና መጀመሩንና ለኃይል ማመንጫው ግንባታ ሲባል ዶዘር ክምሩን መግፋቱን ጠቀሱ። በግምገማ ዓይን ሲታይ ሦስቱም ምክንያት ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። መቆፈሩን መከልከል፣ የሚደፋበትን መወሰን፣ ዶዘሩ የት እንደሚገፋ ማዘዝ፤ ሦስቱም ቦታውን የሚያስተዳድረው አካል ሥራ ነው።

ከናዳው በኋላ

የተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሕዝቡ ገንዘብ፣ ልብስ፣ ምግብ አዋጣ። የተረፉት በመጀመሪያ በመጠለያ ቆዩ፤ ከዚያ ከተማው ቤት ለመስጠትና ከግርጌው የቀሩትን ለማንሳት ተንቀሳቀሰ። ማንሳቱ ረዘመ። ቤት ያገኙ ነበሩ፤ ዘገየብን ያሉም ብዙ ነበሩ። ቤት ለማግኘት መረጃ ይጠየቃል፤ መረጃው ደግሞ ለብዙዎች ከቤቱ ጋር ተቀብሯል። ተከራይ እና አከራይ አንድ ዓይነት ተጎጂ ናቸው ወይ የሚለውም ራስ ምታት ነበር።

የኃይል ማመንጫው ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። በእቅዱ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ያቃጥላል። ባለቤቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ የፌዴራል ተቋም ማለት ነው። ከተመረቀ በኋላም በታሰበው አቅም ሳይሠራ የቆየባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙም ያልተወራለት ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስተምረው እሱ ነው። ከናዳው በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም፣ የጃፓን መንግሥትና የፉኩኦካ ባለሙያዎች ከከተማው ጋር ሆነው የክምሩን አንድ ክፍል በ«ፉኩኦካ ዘዴ» አስተካከሉ። ዘዴው በ1970ዎቹ እ.አ.አ. ጃፓን ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። ረቂቅ ቴክኖሎጂ አይደለም። በክምሩ ሥርና ውስጥ የተበሱ ቧንቧዎች ይዘረጋሉ፤ ፈሳሹ በእነሱ ይወርዳል፣ አየር በእነሱ ይገባል። አየር ሲገባ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ብስባሹ ቶሎ ይረጋጋል። ገደሉም ተሸንሽኖ ይለዝባል። ከአዲስ ማስወገጃ ወይም ከማመንጫ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ገንዘብ ነው የሚፈልገው። ናዳውን ከሚያመጣው ነገር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ሥራ ግን ይህ ነው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም?

ክምሩን ማለዘብና ማስተንፈስ ሠርቷል። ምክንያቱን ስለነካ ሠራ። ከግርጌው የነበሩ ቤተሰቦችን ማንሳትም፣ ዘግይቶና ጎድሎም ቢሆን፣ ሠርቷል። የተነሳ ቤተሰብ ሁለተኛ አይቀበርም። ኑሮው መጎዳቱ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ልቃሚ የነበረ ሰው ከተማ ዳር ቤት ሲሰጠው የዕለት ገቢው ይቋረጣል። ስለዚህ ተመልሶ የሚመጣ ይኖራል። ይህን ያላሰበ የማንሳት ፕሮግራም ከዓመት በኋላ ሲገመገም «ተነሱ» የሚለው ቁጥር ብዙም አይነግርም።

ሰንዳፋ አልሠራም። እንደ ምህንድስና ሥራ ካየነው ከቆሼ የሚሻል ቦታ ነበር። ንጣፍ ነበረው፣ እቅድ ነበረው። የወደቀው የአካባቢውን ሰው ፈቃድ ስላላገኘ ነው። የከተማውን ስጋት ወደ ገበሬው ደጃፍ ማዛወር ስጋትን መቀነስ አይባልም። ገበሬው ከማስወገጃው ያገኘው ጥቅም ምን ነበር? ቅሬታውን ለማን ነበር የሚያቀርበው? ወንዙ ቢበከል ማን ይከፍለዋል? እነዚህ ሳይመለሱ በር ከተከፈተ በሩ እንደሚዘጋ መጠበቅ ነበረበት። ሲዘጋ የሚኬድበት ሦስተኛ ቦታ ደግሞ አልተዘጋጀም።

ማመንጫው በዚህ ጥናት መለኪያ ጎን ለጎን የሚሄድ ነገር ነው። ወደፊት የሚመጣውን ቆሻሻ ሊቀንስ ይችላል። ለ50 ዓመት የተከመረውን አይነካም። ክምሩ ላይ ያለውን የናዳ ስጋት ለመቀነስ የተሠራ ተደርጎ ሲወራ የሰማሁ ጊዜ ይገርመኛል።

እዚህ ጋ የባለቤትነት ጉዳይ ይነሳል። ክምሩ የከተማው ነው። ማመንጫው የፌዴራል ነው። አዲሱ ማስወገጃ ያለበት መሬት በክልል አስተዳደር ሥር ነው። ሰፈሩ የክፍለ ከተማና የወረዳ ነው። አደጋ ሲደርስ የሚጠራው የከተማው እሳትና አደጋ መከላከል ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ገምግሞ «አከናውኛለሁ» ሊል ይችላል፤ ከግርጌው ያለው ሰው ግን የማንም የሥራ እቅድ ውስጥ ዋና መስመር ሆኖ ላይገባ ይችላል።

ግምገማው ላይ የጎደለው

ቆሼ ላይ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከናዳው በፊት፣ ግምገማ ቢደረግ ኖሮ ምን ይታይ ነበር? በተለመደው ቅጽ ውጤቱ መጥፎ አይወጣም። አዲስ ማስወገጃ ተገንብቷል፤ ለጊዜው ቆሟል። ማመንጫው በግንባታ ላይ ነው። ቆሻሻ ከየሰፈሩ እየተነሳ ነው። ምናልባት ቢጫ ምልክት ይሰጠው ነበር፤ ቀይ ግን አይሆንም።

ቀይ የሚያደርገው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ በዛሬዋ ሌሊት ክምሩ ቢናድ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ስንት ሰው ይተኛል? ከአምናው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? የአደጋ ስጋት ማለት አደጋው፣ ተጋላጩ ሰውና የመቋቋም አቅሙ ማነስ ተባዝቶ የሚገኝ ነገር ነው። ክምሩ ያው ከሆነ፣ አቅሙም ያው ከሆነ፣ የሚለወጠው የሰዉ ቁጥር ነው። እሱ ካልተለካ ፕሮግራሙ ስጋትን ቀነሰ ለማለት መሠረት የለም።

እ.አ.አ. በ2015 አገሮች የአደጋ ስጋትን ለመቀነስ የተስማሙበት የሰንዳይ ማዕቀፍም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። የመጀመሪያ ግቦቹ የሚለኩት በሟቾችና በተጎጂዎች ቁጥር ነው፤ በተካሄደ ስብሰባ አይደለም። ወደ ከተማ ደረጃ ሲወርድ ግን መለኪያው ተገልብጦ ስብሰባውና ግንባታው ይቆጠራል። ይህ የሚሆነው ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። ግንባታ በሩብ ዓመት ይቆጠራል። ያልሞተ ሰው አይቆጠርም። ሪፖርት አቅራቢው የሚቆጠረውን ቢመርጥ አይገርምም። ለዚህ ነው በመካከል የሚቆም መለኪያ የሚያስፈልገው፤ የሰዉ ብዛት፣ የዳገቱ ቁልቁለት፣ ከክምሩ እስከ መጀመሪያው ቤት ያለው ሜትር። እነዚህ በሩብ ዓመት ይለካሉ። ከሞት ጋርም በቀጥታ ይገናኛሉ።

ሌላ ከተማ ምን ይወስዳል?

ቆሼ ብቸኛ አልሆነም። ቆሼ በተናደ በወሩ፣ እ.አ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 2017፣ ኮሎምቦ ውስጥ የሜቶታሙላ ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። እ.አ.አ. በ2018 የማፑቶው የሁሌኔ ክምር ናዳ ተከተለ። በነሐሴ 2024 እ.አ.አ. ደግሞ የካምፓላው ኪቴዚ ናዳ ከ30 በላይ ሰው ገደለ። ስለዚህ ከዚህ የሚወሰደው ነገር ለአዲስ አበባ ብቻ አይሆንም። ለሐዋሳም፣ ለአዳማም፣ ለባሕር ዳርም፣ ከቆሻሻ ክምር ውጪ ላሉ አደጋዎችም ይሠራል። የወንዝ ዳር ሰፈር፣ የድንጋይ ካባ ሥር ያለ ቤት፣ በነዳጅ ማደያ አጥር የተጠጋ ሱቅ ሁሉ በዚህ ዓይን ሊታይ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የምመክረው ወደ ቀድሞ ቦታ መመለስን እንደ አዲስ ፕሮጀክት መገምገም ነው። አንድ ወረዳ የጎርፍ ማፋሰሻ ሲሠራ ለጊዜው ያነሳቸውን ነጋዴዎች ወደ ቦይው ዳር ከመለሰ፣ ያ መመለስ የራሱ ፊርማ፣ የራሱ የስጋት ማስታወሻ ይኑረው። «የነበረ ነው» የሚለው ቃል በግምገማ ውስጥ ተቀባይነት ባይኖረው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱን የሚነካ ርካሽ ሥራ ከትልቁ ፕሮጀክት ቀድሞ ይሠራ። የዳገት ማለዘብና የፈሳሽ ማውጫ ቧንቧ ሪባን አይቆረጥበትም። ከንቲባ ለማስመረቅ አይጓጓም። ትልቁ ፕሮጀክት እስኪያልቅ ግን ሕይወት የሚያቆየው እሱ ነው። ገምጋሚ አንድን ፕሮግራም ሲያይ «ትልቁ ነገር እስኪያልቅ በመሃል ምን አድርጋችኋል?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው።

ሦስተኛው ስለሚነካው ማኅበረሰብ ነው። የሰንዳፋ ገበሬ እና የቆሼ ልቃሚ በአንድ ፕሮግራም ሁለት ጫፍ ላይ ነበሩ። አንዱ ስጋቱ ሲመጣበት አልተጠየቀም፤ ሌላው ስጋቱ ሲመለስበት አልተጠየቀም። ምክክር ተደርጓል ለማለት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አይበቃም። የገምጋሚው ፈተና ቀላል ነው፤ ማኅበረሰቡ ካነሳው ነገር ውስጥ እቅዱን የቀየረ አንድ ነገር አሳዩኝ ማለት ነው።

የሰው ቆጠራው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሲሠራ የሚበላሸው እሱ ነው። ቀን ላይ ሄዶ ቤት መቁጠር አይበቃም። ቀን የሚውለውና ሌሊት የሚያድረው ሰው የተለያየ ነው። አንድ በር ያለው ቤት ውስጥ ሦስት ተከራይ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። የደንብ ልብስ ለብሶ፣ መዝገብ ይዞ፣ ከወረዳ ሠራተኛ ጋር የሚመጣ ቆጣሪ «ሊያፈርሱብን ነው» የሚል ፍርሃት ይፈጥራል። ሰዉ ይደበቃል፣ ወይም ቤት ይሰጣል ብሎ ዘመዱን ከገጠር ይጠራል። ስለዚህ ቆጠራው በዕድሩ፣ በልቃሚዎች ማኅበር፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ቢሄድ ይሻላል። እሷ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ ታውቃለች። ቆጠራው ለማፍረስ እንደማይውል ደግሞ በጽሑፍ ቃል ይገባ፤ ቃሉም ይጠበቅ።

ቁጥሮቹ ሲለያዩ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አያስፈልግም። ለምሳሌ ወረዳው 40 ቤት አለ ቢል፣ ዕድሩ 110 ቢል፣ ሁለቱም በሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። የ70 ቤቱ ልዩነት ራሱ ግኝት ነው። ናዳ ቢመጣ የነፍስ አድን ሠራተኛው መኖራቸውን ስለማያውቅ የማይቆፍርላቸው ቤቶች እነዚያ ናቸው።